የእጅ ዋጋ

ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ወረቀት ስሙ ብር ነው። ወረቀት ሆኖ ሳለ የሚጠራው በማዕድን ስም ነው። ደመወዝ ስንቀበል፣ ለታክሲ ረዳት ስንከፍል፣ በስልክ ገንዘብ ስንልክ ሳይቀር የምንጠራው ያንን ሲወለወል የሚያበራ፣ ሲቆይ የሚጠቁር ማዕድን ነው። ቃሉ የቀረልን ገንዘብና ጌጥ አንድ ነገር ከነበሩበት ዘመን ነው።

ቋንቋችን ከጌጥ ሠሪው ቤት የወሰደው ይህን ብቻ አይደለም። «ሽልማት» ሲባል ዛሬ ዋንጫና ሰርተፍኬት ይታየናል፤ መሸለም ግን ማስጌጥም ነው። «ነጠረ» ሲባል ቅቤ ትዝ ይለናል፤ አንጥረኛ የሚለው ስም የወጣው ከዚያው ግስ ነው፤ ወርቅና ብርን በእሳት አቅልጦ ከእድፉ የሚለይ ሰው ማለት ነው። «ሰምና ወርቅ»ን ትምህርት ቤት የተማርነው እንደ ቅኔ ስልት ነው፤ አነጋገሩ የተወለደው ግን ከሰል እየነደደ፣ ወናፍ እየተነፋ፣ በሥራ መሀል ነው። አምስተኛው ቃል «ጠይብ» ነው። ከ«ጠቢብ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። ጥበብ ያለው ሰው ማለት ነው።

አራቱን ቃላት ወስደን በክብር አስቀመጥናቸው። አምስተኛውን ስድብ አደረግነው።

እኔ የጠይብ የልጅ ልጅ ነኝ። ይህን ጽፌ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

የንግሥቲቱ ፊት

አባባ፣ የአባቴ አባት፣ የመጨረሻ ዓመታቸውን ያሳለፉት እኛ ጋ ነው። ሲሞቱ 13 ዓመቴ ነበር። ከሰሜን ሸዋ ገጠር በወጣትነታቸው ወጥተው፣ አዲስ አበባ ገብተው፣ ፒያሳ ከአንድ ወርቅ ቤት ጓሮ ተቀጥረው ዕድሜያቸውን ጨረሱ። እኛ ቤት ሲመጡ ይዘው የመጡት አንዲት የእንጨት ሳጥን ነው። ውስጧ ትናንሽ መዶሻዎች፣ ጉጠት፣ ሞረድ፣ እጅ መዳፍ ላይ የምታርፍ ሚዛንና በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ጠገራ ነበር። ጠገራውን እንድይዘው ይፈቅዱልኝ ነበር። ከባድ ነው። አንድ ፊቱ ላይ ደልደል ያለች፣ ጡቷ ሞላ ያለ ሴትዮ አለች።

ሴትዮዋ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ናት። የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ከሞተች በኋላ የተመታው ገንዘብ ሁሉ ግን ያንኑ ዓመት ይዞ ቀጠለ። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው፣ የቀረው መዳብ። በቀይ ባሕር ዙሪያ፣ ከየመን እስከ ሱዳንና ኢትዮጵያ፣ ሰው የሚያምነው እሷን ነበር። ገበያተኛው ሳንቲሙን ሲቀበል የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥና የራስ ጌጥ ነጠብጣቦች ያያል፤ ከደበዘዙ አልቀበልም ይላል። ማለትም የገንዘቡ እውነተኛነት የሚረጋገጠው በሴትዮዋ ጌጥ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸው መልክ ያለበትን ብር ፓሪስ አስመትተው በ1880ዎቹ ዓ.ም. አወጡ። ሕዝቡ ግን ሴትዮዋን አልለቀቀም። ጣሊያን ኢትዮጵያን ልትወር ስትዘጋጅ በ1935 እ.ኤ.አ. የገንዘቡን መምቻ ከኦስትሪያ ወስዳ ሮም ላይ መምታት የጀመረችው ለዚህ ነው፤ በአገራችን ለመግዛትም ለመደለልም የሚሠራው ገንዘብ ይህ መሆኑን ታውቅ ነበር። ብሪታንያም ብዙ ሳትቆይ ለንደን ላይ መታችው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሳንቲሙ አገር ቤት ከገባ በኋላ የሚሆነው ነው። አንዲት ሴት እህል ወይ ቅቤ ሸጣ ያጠራቀመችውን ጠገራ ይዛ ጠይብ ቤት ትሄዳለች። «ድሪ ሥራልኝ» ትላለች። እሱ ፊቷ እየተመለከተ ንግሥቲቱን ያቀልጣታል። ድሪ፣ ጉትቻ፣ አምባር፣ አልቦ፣ ለሹሩባ የሚሰካ ወለባ ይሆናል። ወይም ሳንቲሙ ሳይቀልጥ በመዶሻ ተጠፍጥፎ፣ በሞረድ ተቆርጦ የአንገት መስቀል ይሆናል። የጆሮ ኩክ ማውጫ እንኳን ከብር ይሠራ ነበር፤ እንደ ጌጥ ከመስቀሉ ጎን በማተብ ይንጠለጠላል፤ አናቱ ላይ ደግሞ ትንሽ መስቀል ወይ አበባ አለው። ይህን ለውጭ አገር ጓደኞቼ ስነግራቸው ይስቃሉ። እኔ ግን አንገት ላይ ለነፍስም ለጆሮም የሚሆን ማድረግ ብልህነት ይመስለኛል።

ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ መንገዱ ይገለበጣል። አልቦው ከእግር ወልቆ ሚዛን ላይ ይወጣል። ስንት ጠገራ ይመዝናል? በዚያው ልክ እህል ይገዛል። ባል በሬውንና መሬቱን ይዞ ሳለ ሚስት የምትይዘው፣ ሌባም ዘመድም በቀላሉ የማይወስድባት ሀብቷ ገላዋ ላይ ያለው ነበር። ጌጥ ስንል የምናስበው ውበት ብቻ ከሆነ ግማሹን ነው የምናየው።

በእርግጥ ጌጥ በየአገሩ ሌላ ሌላ ነገር ይናገራል። ሐመር ውስጥ የመጀመሪያ ሚስት የምታጠልቀው ቢኜሬ፣ ፊት ለፊቱ ጉጥ የወጣለት የአንገት ቀለበት፣ ሴትየዋ በትዳሯ ያላትን ቦታ ከሩቅ ያስነግራል። በኦሮሞ አባ ገዳው ግንባሩ ላይ የሚያደርገው ካላቻ የሥልጣን ምልክት እንጂ ማማሪያ አይደለም። በሰሜኑም ቤተ መንግሥት ጀግና የሚሸለመው ቢተዋ፣ ክንድ ላይ የሚጠለቅ የብር ወይ የወርቅ ሥራ፣ እንደ ማዕረግ ወረቀት ነበር። ወርቅ ማድረግ በቀድሞው ዘመን የነገሥታትና የመኳንንት ነገር ነበር፤ ተራው ሰው ብር ነው የሚያደርገው። የእኛ ሳጥን ታሪክም የብር ነው።

በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ የወረቀት ገንዘብ ወጣ። ስሙ ብር ሆኖ ቀረ፤ ብሩ ግን ከውስጡ ወጣ። ጠገራው ቀስ በቀስ ከገበያ ተነሥቶ ወደ ሣጥንና ወደ አንጥረኛ እሳት ሄደ። አባባ ይህን ሁሉ አልነገሩኝም። እሳቸው የነገሩኝ ሥራውን ነው።

ሰሙ መጀመሪያ

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪያችን ሰምና ወርቅን ሲያስረዱ «ሰሙ ላይ ላዩ ነው፣ ወርቁ ውስጡ ነው፤ ሰሙን ትታችሁ ወርቁን ፈልጉ» አሉን። ቤት ሄጄ ለአባባ ነገርኳቸው። «አንጥረኛ እንዲህ አይልም» አሉ።

ከዚያ አስረዱኝ። መስቀል በቀለጠ ብረት ለመቅረጽ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚሠራው ከንብ ሰም ነው። ሰሙ ለጣት ይታዘዛል። ሐረጉ፣ ቀዳዳው፣ ጫፉ ላይ ያለችው ወፍ ሁሉ በሰም ያልቃል። ከዚያ ሰሙ በደቃቅ ጭቃ ይሸፈናል፤ ትንሽ ቀዳዳ ይተዉለታል። ጭቃው ሲደርቅ እሳት ውስጥ ይገባል። ሰሙ ቀልጦ በቀዳዳው ይወጣል። ባዶ ቦታው ይቀራል። ወርቅ ወይ ብር ወይ ነሐስ የሚፈስሰው እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነው። ሲቀዘቅዝ ጭቃው ይሰበራል። ስለዚህ ከአንድ ሰም የሚወጣው አንድ ዕቃ ነው፤ ሁለተኛ አይደገምም።

«ወርቅ ራሱ መልክ የለውም» አሉኝ። «የሰሙን መልክ ነው የሚይዘው።»

የአክሱም ነገሥታት ሳንቲም ሲያስመቱ፣ ከኢንዱቢስ ጀምሮ ባለው ዘመን፣ በወርቅም በብርም በመዳብም አስመትተዋል። በአንዳንዶቹ የብርና የመዳብ ሳንቲሞች ላይ የንጉሡን ራስ ዙሪያ ወይም መስቀሉን ብቻ በስስ ወርቅ ለብጠዋል። የጥፍር ስፋት ያለው ቦታ ላይ፣ ሺህ በሚቆጠር ሳንቲም ላይ። የንጉሡን ስም እናውቃለን፤ ሳንቲሙ ላይ ተጽፏል። ወርቁን የለበጠውን ሰው ግን ማንም አልጻፈውም።

አባባ ከሁሉ የሚወዱት የቀጭን ሽቦ ሥራ ነበር። ብሩን እየቀጠቀጡ ያረዝሙታል፤ ከዚያ ቀዳዳዎቹ እያነሱ በሚሄዱ የብረት ገበታ ውስጥ እየሳቡ ያሾልኩታል፤ መጨረሻ ላይ ክር ይሆናል። ሁለቱን ክር ይገምዱታል፣ ይጠፈጥፉታል፣ በጉጠት እየጠቀለሉ ጠመዝማዛ አበባ ያደርጉታል። ጌጡ ላይ እንደ ጤፍ የምትታየው የብር ኳስ ደግሞ በእጅ አትድቦለቦልም። ቁራጭ ብር ከሰል ላይ አስቀምጠው እሳት ሲሰጧት፣ 961 ዲግሪ ገደማ ስትደርስ ትቀልጣለች፣ ቀልጣም በራሷ ትሰበሰብና ክብ ትሆናለች። እኔ አፌን ከፍቼ አያለሁ። አባባ «አየሽ፣ ብር ጨዋ ነው» ይላሉ።

ብየዳው ነው ልብ የሚያንጠለጥለው። መበየጃው ራሱ ብር ነው፣ ቶሎ እንዲቀልጥ መዳብ የበዛበት። እሳቱ ካነሰ አይያያዝም፤ አንድ ትንፋሽ ከበዛ አበባው ሁሉ ቀልጦ ጠብታ ይሆናል። የሦስት ቀን ሥራ በሦስት ሰከንድ። ስለዚህ ብየዳ ላይ ሲሆኑ አይናገሩም። እኔም አልናገርም። ደስ የሚለኝ ያ ዝምታ ነበር።

አባቴ ይህን ሁሉ አይወድም። የሒሳብ አስተማሪ ነው። አባባ ሳጥናቸውን ሲከፍቱ ተነሥቶ መስኮቱን ይዘጋል። ጎረቤት ድምፁን እንዳይሰማ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ጉትቻ ያደረገው ጅብ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ብዙ ዓመት የኖረ ናትናኤል ፒርስ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ ጆሮው ላይ የወርቅ ጉትቻ ስለተገኘበት ጅብ ነው። ሰዎቹ አልተደነቁም፤ ቀጥቃጮች ማታ ማታ ጅብ ይሆናሉ፣ ጉትቻቸውን ሳያወልቁ የወጡ ናቸው ብለው አመኑ።

ይህን ሳነብ በመጀመሪያ ሳቅሁ። በኋላ ግን አሰብኩት። አንድ ማኅበረሰብ ጆሮ ጌጥ ያለበት ጅብ ሲያይ የደረሰበት መደምደሚያ «ሠሪው ነው» የሚል ነው። ጉትቻ በየቤቱ ሴት ጆሮ ላይ ሞልቶ ሳለ ጥርጣሬው የሚሄደው ለሠራው ሰው ነው።

ቡዳ በዓይኑ ይበላል ይባላል። እህል ይሸፈንበታል፤ ቆንጆ ሕፃን ይደበቅበታል። ይህ ነገር የተለጠፈው በብረት ሠሪው፣ በሸክላ ሠሪዋ፣ በቆዳ ፋቂው ላይ ነው። በጎንደር አካባቢ ሸክሙ በብዛት የወደቀው በቤተ እስራኤል ላይ ነበር፤ ርስት ተከልክለው በብረትና በሸክላ ሥራ ሲተዳደሩ፣ የሚተዳደሩበት ሥራ መልሶ መሰደቢያቸው ሆነ። ክርስቲያን የሆነው ጠይብም በብዙ ቦታ ከዚህ አልዳነም። የሰሜኑ ነገር ብቻ አይምሰላችሁ፤ በኮንሶም ሐውዳ የሚባሉት የእጅ ባለሙያዎች ከገበሬው ጋር እንዳይጋቡ ተለይተው ኖረዋል።

ምክንያቱን ሰው በብዙ መንገድ ያስረዳል። እኔ ከሁሉ የሚቀርበኝ መሬት ነው። ገበሬው የሚኖረው ከአፈሩ ነው፣ ቀየው ይታወቃል፣ አጥንቱ ይቆጠራል። ጠይብ ግን ርስት የለውም፤ ድንጋይ የሚመስለውን ነገር እሳት ውስጥ ከትቶ ማረሻ አድርጎ ያወጣል። ያለሱ ማረስም ማጌጥም አይቻልም። የምትፈልገው ሰው ርስት ባይኖረውና አንተ የማታውቀውን ቢያውቅ፣ ከማክበር መፍራት ይቀላል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዱ ነገር አልዋጥ ብሎኛል። ልጅ ከቡዳ እንዲድን አንገቱ ላይ ክታብ ይታሰርለታል። ክታቡን የሚጽፈው ደብተራ ነው። ማኅደሩ ከቆዳ ከሆነ የሚሠራው ፋቂ ነው፤ ከብር ከሆነ የሚሠራው ጠይብ ነው። ማለትም ከዓይኑ የምንሸሸው ሰው በገዛ እጁ የሠራውን ነገር ነው ከዓይኑ እንዲያድነን አንገታችን ላይ የምናስረው። እሱም ሠርቶ፣ መዝኖ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በልቡ ምን ይል ነበር?

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ሠራተኛውን እየሰደባችሁ አገር እንዴት ይሠራል ነው ነገሩ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

የቡና ጥያቄ

የእጮኛዬ ቤተሰብ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ለቡና ጠሩኝ። እናቱ ደግ ናት። አያቱ፣ እማማ፣ ጥግ ላይ ካለው ወንበር ላይ ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ አንገታቸው ላይ የብር ድሪ አድርገው ተቀምጠዋል። ድሪው በጣም የሚያምር ነው። ክሩ ሁለት ሁለት እየሆነ የተገመደ፣ መጋጠሚያው የማይታይ። ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። (ከቡዳ ዘር ለሚባል ሰው ጥሩ አመል አይደለም።)

አክስቴ ከቤት ስወጣ መክራኝ ነበር፦ «አንቺ ልጅ፣ ስለ አባባ ከጠየቁሽ ነጋዴ ነበሩ በይ። ፒያሳ ወርቅ ቤት ነበሩ በይ። ውሸት እኮ አይደለም!»

ሁለተኛው ቡና ላይ እማማ ጠየቁኝ። «የኔ ልጅ፣ የአባትሽ አባት ምን ነበሩ?»

«አንጥረኛ ነበሩ፣ እማማ። ብር ሠሪ።»

«አገራቸውስ?»

ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «ጠይብ» አሉ፤ ለመጠየቅም ለመናገርም በማይመስል ድምፅ።

«አዎ» አልኩ።

የእጮኛዬ እናት ስለ ቡናው ማውራት ጀመረች። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ሽማግሌዎቹ የሚመጡበት ቀን ግን ተላለፈ። በሳምንቱም ተላለፈ። በሦስተኛው ሳምንት እጮኛዬ መጥቶ ነገረኝ፤ አያቱ «ሰባት ቤት ይቆጠር ያልነው ለዚህ ነው፤ የሚወለደውን ልጅ አስቡ» ማለታቸውን፣ እሱ ደግሞ ከእሳቸው ጋር በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ መጣላቱን።

ለአባቴ ስነግረው መጀመሪያ ያለው «ለምን ነገርሻቸው?» ነው። ከዚያ ቁጭ አለ። በልጅነቱ ትምህርት ቤት እረፍት ላይ እሱ ሲመጣ ልጆች ቆሏቸውን በጋቢ እንደሚሸፍኑ የነገረኝ ያን ማታ ነው። አንድ ቀን የጎረቤት ሕፃን ታሞ፣ እናቲቱ መጥታ «እባክህ እንትፍ በልባት» ብላ እንደለመነችው፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኖ ሕፃኗ ላይ እንትፍ እንዳለ። «እንድትድን ጸለይኩ» አለኝ። «ከሞተች እኔ ነኝ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።»

ድናለች። እሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሲበላ አያይም። እውነቴን ነው፤ አባቴ ማዕድ ላይ ዓይኑን ሰው ፊት ላይ አያሳርፍም። አመሉ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ መጡ። እማማ ለሠርጉም መጥተዋል፤ ያንኑ ድሪ አድርገው። ተለውጠዋል ብዬ አልጽፍም። ይወዱኛል፤ ይፈሩኛልም፤ ሁለቱንም በአንድ ላይ ማድረግ እንደሚቻል ከእሳቸው ነው የተማርኩት። በቅርቡ እጄን ይዘው ምን አሉኝ? «ስትወልጂ ቶሎ ብር አንገቱ ላይ አድርጊለት። ከዓይን ያድነዋል።»

አንጓ ላይ ያለ ባንክ

ወርቅ ከጠየቃችሁኝ የማስታውሰው ሙዚየም ሳይሆን የአክስቴን ልጅ አንጓ ነው።

ሰባት ዓመት ቤይሩት ሠርታለች። ፓስፖርቷ አሠሪዎቿ ጋ ነበር። የባንክ ደብተር አልነበራትም። ከደመወዟ ለቤተሰብ ልካ የተረፋትን እያጠራቀመች ወርቅ ትገዛለች፤ ባለ 21 ካራት፣ የአረብ አገር ወርቅ የምንለውን። ለማያውቅ፦ ንጹሕ ወርቅ 24 እጅ ነው። 21 ማለት ከ1000 እጅ 875ቱ ወርቅ ነው፤ እኛ አገር የተለመደው 18 ደግሞ 750 ነው፣ የቀረው እንዲጠነክር የተጨመረ ብርና መዳብ ነው። ንጹሕ ወርቅ ለስላሳ ነው፤ ለብቻው ጌጥ ሆኖ አይጸናም።

በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የሊባኖስ ባንኮች የሰውን ገንዘብ ያዙ፤ ሊራው ወደቀ። በተከታዩ ዓመት ብዙ አሠሪዎች የኢትዮጵያ ልጆችን ከነሻንጣቸው ቆንስላው በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። የአክስቴ ልጅም ከነሱ ጋር ነበረች። የሦስት ወር ደመወዟ ቀረ። አንጓዋ ላይ ያሉት ሁለት አምባሮች ግን አልወደቁም። በረጅም እጅጌ ሸፍና አውሮፕላን ተሳፈረች። አንዱን ሸጣ ጸጉር ቤት ከፈተች። ሁለተኛውን አታወልቀውም። «ባንኬ ነው» ትላለች፤ እየሳቀች።

አያቶቻችን ጠገራውን አልቦ ያስደርጉ የነበሩት ለዚሁ ነው። የማዕድኑ ዓይነት ተለወጠ፣ አገሩ ተለወጠ፤ የሴቲቱ ሒሳብ ያው ነው።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ የሚከስረው ሥራው ነው። ጌጥ ሲሸጥ የሚመዘነው ማዕድኑ ነው። አበባው፣ ግምዱ፣ ኳሱ፣ ብየዳው ላይ የተያዘው ትንፋሽ ሚዛን ላይ አይወጣም። ይቀልጣል። እኔ የአባባ ሥራ የሆነ አንድም ጌጥ የለኝም። ቤት ውስጥ የቀረ ጌጥ አልነበረም፤ የሠሩት ሁሉ የሰው ነው። የት እንዳለ፣ ስንቱ ቀልጦ የሌላ ሙሽራ ቀለበት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ዛሬ የምታደርጉት ወርቅ ውስጥ የስንት ሰው እጅ ተደምስሶ እንዳለ አስቡት።

ስለ ተዘረፈው ዘውድ ስንከራከርም እንደዚሁ ነን። በ1868 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዱት የወርቅ ዘውድ ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው ያለው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ለጎንደር ቁስቋም ያሠሩት መሆኑን እንናገራለን። ማን ዘረፈው? ማን ይመልሰው? በውሰት ይምጣ ወይስ ለዘለቄታው? ጥያቄዎቹ ሁሉ ተገቢ ናቸው፤ እኔም ይመለስ ከሚሉት ነኝ። ግን በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ «ማን ሠራው?» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። «አሠሩት» የሚለው ግስ ሠሪውን ይሸፍነዋል።

ማን ሠራው?

የቀለበታችንን ወርቅ የገዛነው ፒያሳ ነው። ከአባባ ዘመን ብዙ ነገር ፈርሷል፤ የሰፈሩ ግማሽ በ2016 ዓ.ም. ሲነሣ ያየነው ነው። ወርቅ ቤቱ ብርሃኑ ዓይን ይወጋል። ሻጩ ቀለበቶቹን ሚዛን ላይ አደረገ፤ በካልኩሌተር ሒሳቡን ሠራ፤ ደረሰኝ ላይ ጻፈ። ግራም፣ ካራት፣ የዕለቱ ዋጋ። ከታች፣ ትንሽ ቁጥር፦ «የእጅ ዋጋ»።

በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ነጋዴ ኮስማስ ስለ አክሱም ነጋዴዎች የጻፈው ትዝ አለኝ። ሳሱ ወደምትባል አገር ወርቅ ፍለጋ ይወርዳሉ። ሥጋ፣ ጨውና ብረት አስቀምጠው ይርቃሉ። የአገሩ ሰዎች መጥተው ከሚፈልጉት ዕቃ ላይ የወርቅ ቅንጣት አኑረው ይርቃሉ። ባለዕቃው ዋጋው ካጠገበው ወርቁን ያነሣል፤ ካላጠገበው ይተወዋል፤ እነዚያም ተመልሰው ይጨምራሉ ወይም የራሳቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ሻጭና ገዥ ቃል ሳይለዋወጡ ገበያው ያልቃል። ኮስማስ ገርሞት ነው የጻፈው። እኔ ግን በመስታወቱ ማዶ ቆሜ ሳስበው በጌጥ ገበያ ዛሬም የምናደርገው ይህንኑ ነው። ለባሹና ሠሪው አይተያዩም።

«ይህን የሠራው ማን ነው?» ብዬ ሻጩን ጠየቅሁት።

ግራ ገባው። «ምነው? እዚሁ ነው የተሠራው፤ የእኛው ልጆች ናቸው።»

«ላገኘው እችላለሁ?»

ባለቤቴ ክንዴን ነካ አደረገኝ። ሻጩ ወደ ጓሮ በሚወስደው በር ገባ። ትንሽ ቆይቶ ከሃያ ዓመት የማይበልጥ ልጅ ወጣ። ቲሸርቱ በብልጭታ ተበሳስቷል፤ የአውራ ጣቱ ጥፍር ጠቁሯል፤ እንደ አባባ። ደንግጧል። ቀለበቱን ከእጄ ተቀብሎ ብርሃን ላይ አዞረው፤ ብየዳውን ፈለገ፤ አላገኘውም፤ ደግሞ አዞረው።

«ምኑ ነው የተበላሸው?» አለኝ።